ገመድ አልባ የሳሎን ድምፅ፦ ከመግዛታችን በፊት የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች



በዚህ ወር የምንነጋገረው በብዙ ቤተሰብ ዘንድ መነጋገሪያ ስለሆነ አንድ ዕቃ ነው። ሰፊና ቀጭን ቴሌቪዥን ወደ ቤት ይገባል፤ ሥዕሉ ያስደስታል፤ ድምፁ ግን ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። አባት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ንግግሩ አሁንም አይጠራም፤ የመኪናው ጩኸት ግን ጆሮ ይበሳል። በዚህን ጊዜ አንዱ ልጅ «ገመድ አልባ ሆም ቴአትር እንግዛ» ይላል። ከዚያም ወደ ገበያ ይወጣና «የትኛው ማርካ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ችግሩ እውነተኛ ነው። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያው ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት ስለነበር ድምፁ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይመጣ ነበር። የዛሬው ቀጭን ቴሌቪዥን ግን ለትልቅ ስፒከር የሚሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ ትናንሽ ስፒከሮች ከሥር ወይም ከኋላ ይሸጎጡበታል፤ ድምፁም ከግድግዳና ከቡፌ ጋር እየተጋጨ ይደርሰናል።

ሆኖም ማርካ መምረጥ የመጨረሻው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ዕቃው ርካሽ አይደለም። መካከለኛ የሚባለው ስብስብ እንኳ የአንድ መምህርን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ያለ ቦታው የገባ እንደሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከመውሰዱም በላይ በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ፣ ከጎረቤትም ጋር ቅያሜ ያመጣል። ስለዚህ ገንዘባችንን ይዘን ከመውጣታችን በፊት ራሳችንን አራት ነገሮችን እንጠይቅ። ምን እናዳምጣለን? «ገመድ አልባ» ማለት ምን ማለት ነው? ሳሎናችን ምን ያህል ነው? ከግድግዳችን ወዲያስ ማን አለ?

አስቀድመን ግን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ድምፅ ተመልካቹን ዙሪያውን እንዲከብበው ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የዋልት ዲስኒ ኩባንያ «ፋንታዚያ» የተባለውን የካርቱን ፊልም ሲያወጣ፣ ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ለዚሁ ሲባል ተጨማሪ ድምፅ ማጉያዎች ተተክለውባቸው ነበር። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው አሠራር ወደ ሲኒማ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን በኋላ በዲቪዲ አማካይነት በየቤቱ ተዳረሰ። በካርቶኑ ላይ የምናየው 5.1 የሚለው ቁጥርም በዚሁ መንገድ ተለመደ።

ቁጥሩ ምሥጢር የለውም። አምስቱ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው፦ አንዱ ከፊት በግራ፣ አንዱ ከፊት በቀኝ፣ አንዱ ከፊት መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ ከጎን ወይም ከኋላ። «ነጥብ አንድ» የተባለው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሰማው ሣጥን፣ ማለትም ሰብውፈሩ ነው። እርሱ የሚይዘው እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ ስለሆነ እንደ ሙሉ ድምፅ አይቆጠርም። ሦስተኛ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ 5.1.2 ተብሎ ከተጻፈ፣ የመጨረሻው ቁጥር ድምፅን ከላይ፣ ከጣሪያ በኩል፣ ለማሰማት የተዘጋጁትን ስፒከሮች ያመለክታል። ይህ ዓይነቱ ዶልቢ አትሞስ ተብሎ ወደ ሲኒማ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለቤተሰብ ዋነኛው የፊት መካከለኛው ስፒከር ነው። በፊልም ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚመደበው ለእርሱ ነውና። አያት «ምን አለ?» እያሉ በየደቂቃው የሚጠይቁበት ቤት የጎደለው የመካከሉ ጥራት እንጂ የኋላ ስፒከር አይደለም። ይህን ልብ ካልን ወደ አራቱ ጥያቄዎች እንለፍ።

የመጀመሪያው፦ ምን እናዳምጣለን? ስፒከር የሌለውን ድምፅ አይፈጥርም። ከምንጩ በሁለት መስመር ብቻ የመጣውን ድምፅ ማሽኑ ለአምስት ያከፋፍለዋል እንጂ እውነተኛ የኋላ ድምፅ አያደርገውም። አብዛኛው የሳተላይት ቴሌቪዥን ስርጭትም ሆነ አብዛኛው የዩቲዩብ ቪዲዮ የሚመጣው በሁለት መስመር፣ በስቴሪዮ ነው። ዜና፣ ትምህርታዊ ዝግጅትና የቁርኣን ቂርአት የሚያዳምጥ ቤተሰብ ከኋላ ስፒከር የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። እንዲያውም ቂርአት በምናዳምጥበት ጊዜ ማሽኑን «ስቴሪዮ» በሚለው ላይ ማድረግ ይመረጣል። «ሲኒማ» ወይም «አዳራሽ» የሚባሉት ማስመሰያዎች በድምፁ ላይ የሌለ ማስተጋባት እየጨመሩ የፊደሎቹን መውጫ ያደበዝዛሉና።

በዲስክ ወይም በክፍያ በሚታዩ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎቶች በ5.1 የተዘጋጁ ፊልሞችንና የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞችን አዘውትሮ የሚያይ ቤተሰብ ግን ልዩነቱን በግልጽ ይሰማዋል። ዝናቡ ከኋላ ይዘንባል፤ ወፏ ከግራ ወደ ቀኝ ትበርራለች። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያየነውን ሁሉ በወረቀት እንመዝግብና እንቁጠር። ከአሥሩ ሰዓት ዘጠኙ ዜናና ውይይት ከሆነ ገንዘባችን መዋል ያለበት ከፊት በምትቀመጥ፣ የመካከል ንግግር ማሰሚያ ባላት አንዲት ጥሩ ሳውንድባር ላይ ነው።

ሁለተኛው፦ «ገመድ አልባ» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ የኋላ ስፒከር ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ድምፁን የሚያመጣለት መልእክትና የሚያሠራው ኃይል። «ገመድ አልባ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የቀረው የመልእክቱ ገመድ ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ ገመድ አለ። ስለዚህ ከሶፋው ኋላ ሶኬት ከሌለ፣ ከፊት ያስቀረነው ገመድ ማከፋፈያ ሆኖ ከኋላ ይመጣብናል። አንዳንዶቹ ስብስቦች ደግሞ ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ ገመድ፣ ወይም መልእክቱን የሚቀበል አንዲት ትንሽ ሣጥን አላቸው። ከመግዛታችን በፊት «ከኋላ ስንት ገመድ፣ ስንት ሶኬት ያስፈልጋል?» ብለን እንጠይቅ። በባትሪ የሚሠሩም አሉ። ለምሳሌ የጄ.ቢ.ኤል. ባር 1000 የተባለው ሁለቱ የኋላ ስፒከሮቹ ከዋናው ባር ተነቅለው የሚሄዱ ሲሆኑ፣ አምራቹ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይሠራሉ ይላል። እነዚህ ሶኬት ለሌለበት ግድግዳ ይበጃሉ፤ ነገር ግን ባትሪ በዓመታት ውስጥ እየደከመ እንደሚሄድ መርሳት አይገባም።

መልእክቱ የሚተላለፍባቸው መንገዶችም እኩል አይደሉም። ብሉቱዝ ከስልክ ድምፅ ለማዳመጥ የተመቸ ነው፤ ለሆም ቴአትር የኋላ ስፒከር ግን አይመከርም። የተለመደው ብሉቱዝ የሚያስተላልፈው ሁለት መስመር ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 200 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ ስፒከር እንግዲህ 68 ሜትር ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ስፒከር ነው ማለት ነው። ከፊት የተሰማው ቃል ከኋላ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል።

ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩት ግን ከአምራቹ የራሱ መላኪያና መቀበያ ጋር የሚመጡ ናቸው። ዋይሳ የሚባለው የበርካታ አምራቾች ደረጃ በ5 ጊጋ ኸርዝ እስከ 8 መስመር ድምፅ ያስተላልፋል፤ መዘግየቱም 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በቀደመው ስሌት ከሁለት ሜትር ያነሰ ርቀት መሆኑ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩም አሉ። ነገር ግን በዚሁ መስመር ላይ ብሉቱዝ፣ ብዙ የዋይፋይ ማሠራጫዎችና ማይክሮዌቭ ምድጃም ስለሚገናኙ፣ ቤት ለቤት በተጠጋጋበት ሕንፃ ድምፁ አልፎ አልፎ ሊቆራረጥ ይችላል። 5 ጊጋ ኸርዙ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል፤ መላኪያውና ስፒከሩ በአንድ ሳሎን ውስጥ ከሆኑ ግን ይህ አያሳስብም። መላኪያውን በብረት ወይም በተዘጋ ቡፌ ውስጥ አለመደበቅ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአንዱ አምራች የኋላ ስፒከር ለሌላው አምራች ባር አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ከአንድ ኩባንያ ዕቃ እንኳ ከየትኛው ሞዴል ጋር የትኛው እንደሚገጥም ተለይቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ «ዛሬ የፊቱን እገዛለሁ፤ የኋላውን ከዓመት በኋላ እጨምራለሁ» የሚል ሰው የፊቱን ሲገዛ የኋላውን ሞዴል ስም ጭምር ጽፎ ይያዝ።

ሦስተኛው፦ ሳሎናችን ምን ያህል ነው? ሜትር ይዘን እንለካ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው የአቀማመጥ ደንብ መሠረት፣ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጎ ሲቀመጥ የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከመካከሉ 30 ዲግሪ ወደየጎኑ ይሆናሉ። የኋላ የሚባሉት ሁለቱ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። ይህም ማለት ከጆሯችን ትክክለኛ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ነው፤ ከጀርባችን በቀጥታ አይደለም።

ይህ ለእኛ ቤት የምሥራች ነው። በብዙ ቤት ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ከኋላው ክፍት ቦታ የለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ስፒከሮቹን ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ አድርጎ በግድግዳ ላይ መስቀል ወይም በማቆሚያ ላይ ማኖር ይበቃል። ለተቀመጠው ሰው ጆሮ ተጠግተው እንዳይጮኹበት ግን በማስተካከያው የእነርሱን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አቀማመጣቸውን ለማስተካከል ሕፃናት የሚሮጡበትን መተላለፊያ መዝጋት ደግሞ አይገባም። የቆመ ስፒከር በሕፃን ላይ ሊወድቅ ይችላልና ማቆሚያው ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

ስለ ዋትም እንናገር። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ብዙ ጊዜ ለማማለል ነው። በተለይ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው አለካክ ማሽኑ ለቅጽበት እንኳ የማያወጣውን ኃይል ሊያስጽፍ ይችላል። የምንጠይቀው አር.ኤም.ኤስ. የተባለውን፣ ማሽኑ ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ኃይል ነው። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ሳሎን የሺህ ዋት ጉራ አያስፈልግም። ለጥራቱ ከዋቱ ይልቅ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ይረዳሉ፤ ባዶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እያንጸባረቁ ንግግሩን ያደበላልቁታልና።

አራተኛው፦ ከግድግዳችን ወዲያ ማን አለ? ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጅ የነበረ አንድ ተማሪዬ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ከበላያችን ያሉት ማታ ማታ ፊልም ያያሉ፤ ንግግሩ አይሰማኝም፤ ዱም ዱሙ ግን አልጋዬን ያንቀጠቅጠዋል» አለኝ። አባቱ ሄደው በትሕትና ነግረዋቸው ነበር። ጎረቤቶቹም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ገርሟቸው፣ «እኛ እኮ ከፍ አድርገን አንከፍትም» ብለው መለሱ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ ይታገዳል፤ ወፍራም ድምፅ ግን አይታገድም። 40 ኸርዝ የሆነ ድምፅ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የብሎኬት ግድግዳና የሕንፃ ወለል ለእርሱ ብዙም መከታ አይሆኑትም። ስለዚህ በባለቤቱ ሳሎን ልከኛ የሆነው ድምፅ ከታች ላለው ተማሪ ከንግግርና ከትርጉም የተለየ ድብደባ ብቻ ሆኖ ይደርሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ሰብውፈሩን ከጥግ አወጡት፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰብውፈር ድምፁ ይጎላልና። ከሥሩ ወፍራም ጎማ አነጠፉ። ከሁሉ በላይ ግን ከዒሻ ሶላት በኋላ የሰብውፈሩን ድምፅ በሪሞት ለብቻው ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ልጁም እንቅልፉን አገኘ።

የጎረቤት ሐቅ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። እዚህ ላይ ማስታወስ የምንፈልገው ሐቁ በሣሕንና በሰላምታ ብቻ የማይወሰን፣ በግድግዳ የሚያልፈውንም ነገር የሚጨምር መሆኑን ነው። ስለዚህ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ቤተሰብ ሲገዛ ሁለት ነገሮችን ይፈልግ፦ የሰብውፈሩን ድምፅ ለብቻው የሚቀንስ ቁልፍና «የሌሊት» የሚባለውን ማስተካከያ። የሌሊቱ ማስተካከያ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ እያደረገ ያመጣጥናል። ግድግዳው ስስ ከሆነ ያለ ሰብውፈር መቆየትም ነውር የለበትም። ለመሆኑም ከገዛን በኋላ በመጀመሪያው ማታ ጎረቤታችን ዘንድ ሄደን «ድምፃችን ይሰማችኋል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ምን እንጎዳለን?

ከጎረቤት በፊትም የራሳችን ልጆች ጆሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለግል ማዳመጫ መሣሪያዎች በሰጠው ምክር ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ እስከ 75 ዴሲቤል ድረስ ገደብ አድርጓል። ይህ የተነገረው ለጆሮ ማዳመጫ ቢሆንም ለሳሎንም ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። በስልክ ላይ በነጻ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች ፍጹም ትክክል ባይሆኑም ግምት ይሰጣሉ። ቀላሉ መለኪያ ግን ይህ ነው፦ አጠገባችን ለተቀመጠ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገን ድምፁ በዝቷል።

እንግዲህ አራቱን ጥያቄዎች መልሰን ሱቅ ስንደርስ የሚከተለውን እናድርግ።

በቅድሚያ ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን የኤሌክትሪክ መጠን እናንብብ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «100-240» የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣና «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ስታብላይዘር መጠቀም ይበጃል። ኋላ የሚቀመጡት ስፒከሮችም የየራሳቸው ማሽን ያላቸው ስለሆኑ ጥበቃው ለእነርሱም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የቴሌቪዥናችንን ጀርባ በስልካችን ፎቶ አንሥተን ይዘን እንሂድ። ኤ.አር.ሲ. የሚል የተጻፈበት የኤች.ዲ.ኤም.አይ. ቀዳዳ ካለው ድምፁ በአንድ ገመድ ወደ ባሩ ይሄዳል፤ በአንድ ሪሞትም ይታዘዛል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመጣ ነው። የተሻለው ኢ.ኤ.አር.ሲ. በ2017 ከወጣው ደረጃ ጋር የመጣ ሲሆን ያልተጨመቀ ድምፅም ያሳልፋል። ቴሌቪዥኑ ያለው በብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የተለመደውን የ5.1 ድምፅ ያሳልፋል፤ አትሞስን ግን አያሳልፍም። እንዲህ ላለው ቴሌቪዥን አትሞስ ያለው ባር ገዝቶ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ኪሣራ ነው።

ከዚያም ሻጩን «ክፈትልኝ» እንበለው። ሻጩ ፍንዳታና ሩጫ የበዛበትን ማሳያ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስፒከር ግሩም ይመስላል። እኛ ግን ዜና የሚያነብ ሰው እንዲያሳየን እንጠይቅ። ድምፁን ዝቅ አስደርገን ቃላቱ ጥርት ብለው ይሰሙ እንደሆነ እናዳምጥ። ከንፈሩና ድምፁ አብረው መሄዳቸውንም እንመልከት። ከኋለኞቹ ስፒከሮች አጠገብ ቆመን የሚዘገይ ወይም የሚቆራረጥ ነገር መኖሩን እንፈትሽ። ከተቻለ እናት ወይም አያትን ይዘን እንሂድ። ለእርሳቸው ከተሰማ ለሁላችንም ይሰማል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳንቀበል አንውጣ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የአገዛዙ ተራ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የመካከል ስፒከር ያላት የፊት ባር፣ ቀጥሎ ጎረቤት የማያውክ ሆኖ ካገኘነው ሰብውፈሩ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ስፒከር በበዛ ቁጥር ቤቱ የሚደምቅ ይመስለዋልና፣ በአንድ መጥፎ ባር ዋጋ ስድስት መጥፎ ስፒከሮች ይዞ ይመለሳል። ከሦስት ወር በኋላ የኋላዎቹ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናሉ። ይህ ኢስራፍ ካልሆነ ምን ይባላል?

ጥሩ ድምፅ ያለው ሳሎን ቤተሰብን የሚሰበስብ ነገር ነው። አያት ሳይጠይቁ የሚከታተሉበት፣ ልጆች ጆሯቸው ሳይጎዳ የሚማሩበት፣ ከታች ያለው ተማሪም የሚተኛበት ከሆነ የወጣው ገንዘብ ቦታውን አግኝቷል። ይህ እንዲሆን የሚያደርገው የስፒከሩ ብዛት ወይም የማርካው ስም ሳይሆን፣ ከመግዛት በፊት በሜትርና በወረቀት የምናጠፋት አንዲት ምሽት ናት።